የክፉ ቀን ስንቅ

(የሚከተለው ምንባብ አስተያየት የቀረበበት ድርሰት ነው። ጸሐፊው የሚደግፈውን ሐሳብና ለተቃዋሚዎቹ የሚሰጠውን መልስ እያስተዋላችሁ አንብቡ።)

አባቶቻችን ያለ ስንቅ መንገድ አይጀምሩም ነበር። ነጋዴው ሲራራ ተከትሎ ሲወጣ፣ ገበሬው ወደ ሩቅ ገበያ ሲወርድ፣ ወታደሩ ሲዘምት፣ በሶው በአቁማዳ፣ ቆሎው በስልቻ ተቋጥሮ ይያዝለታል። ስንቅ የሚዘጋጀው ረኃብ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ገና በጥጋብ ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ አስቦ ለሚወጣው መንገድ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው፣ አደጋ በሌሊት ከቤቱ ሲያስወጣው የሚይዘው ስንቅ የለውም። በእኔ አስተያየት እያንዳንዱ ቤተሰብ፣ ሀብታምም ይሁን ድኻ፣ ለሰዎቹም ለእንስሳቱም የሚሆን የክፉ ቀን ስንቅ አስቀድሞ ቋጥሮ ማስቀመጥ ይገባዋል።

በአስተማሪነት በሠራሁበት በአንድ የቆላ ከተማ፣ በክረምት ሌሊት የሞላ ወንዝ ከአንድ ተማሪዬ ቤት ገባ። አባት ሬዲዮኑን፣ እናት ሕፃኑን፣ ልጁ ፍራሹን ይዘው አያትየውን እየደገፉ ወደ ኮረብታው ሸሹ። ሁሉም የቻለውን አደረገ። ነገር ግን ማን ምን እንደሚይዝ አስቀድመው አልተነጋገሩምና የአያትየው የደም ግፊት መድኃኒት በመደርደሪያው ላይ፣ የልጁ የፈተና ካርድ በሣጥኑ ውስጥ ቀረ። ሁለቱ ፍየሎች ደግሞ ከግንድ ጋር እንደ ታሰሩ ሰጠሙ። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ልጁ የነገረኝ ስለ ካርዱ አልነበረም። «ገመዱን ብፈታላቸው ኖሮ ራሳቸው ይሸሹ ነበር፣ ጋሼ» አለኝ። ገመዱን ለመፍታት አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር፤ ያን ሌሊት የታጣው ያው አንድ ደቂቃ ነው።

ይህ በአንድ ቤት የደረሰ ነው፤ በከተማ ደረጃ የደረሰውንም እናውቃለን። በድሬዳዋ መካከል የሚያልፈው ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ ግን በደጋው የጣለው ከባድ ዝናብ በሌሊት ወርዶ የተኛውን ሕዝብ ደረሰበት፤ ከ200 በላይ ሰዎችም ሞቱ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ምድር ለወራት ደጋግማ ተንቀጠቀጠች፤ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ቀያቸውን ለቀው ወጡ። የመጀመሪያው አደጋ ለመሰናዳት ጊዜ አልሰጠም፤ ሁለተኛው ግን ደጋግሞ አስጠንቅቋል። አደጋው የትኛውን ዓይነት እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ለሁለቱም የሚያገለግለው አስቀድሞ የተቋጠረ ስንቅ ነው።

ታዲያ በስንቁ ውስጥ ምን ይኑር? በመጀመሪያ ውሃ ነው። ለመጠጥ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ብንመድብ፣ አምስት ሰው ያለበት ቤት ለሦስት ቀን 45 ሊትር ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ትልልቆቹ ውሃ ሲቋረጥ ወይም መንገድ ሲዘጋ በቤት ይጠቅማሉ፤ ትንሹ ግን ከስንቁ ጋር በበሩ አጠገብ ይቀመጣል። ለምግብ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ እሳት ሳይፈልጉ ይበላሉ። ከእነዚህ ጋር የሕመምተኛ መድኃኒት፣ ፋሻ፣ ሳሙና፣ ለተቅማጥ የሚሆን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ የሴቶች ንጽሕና መጠበቂያ፣ ባትሪ፣ ክብሪት፣ ፊሽካ፣ ጋቢና ጥቂት ዝርዝር ብር ይኑር። መታወቂያ፣ የልደትና የትምህርት ማስረጃ፣ የክትባት ካርድ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ይጠቅለሉ። የዘመዶች ስልክ ቁጥርም በወረቀት ይጻፍ፤ የሞባይል ባትሪ ባለቀ ጊዜ በሞባይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር አይገኝምና።

የእንስሳቱም ድርሻ ሊረሳ አይገባም። ከብት በማታ ሲታሰር ጫፉን ሲስቡት ወዲያው በሚፈታ ቋጠሮ ይታሰር። ትርፍ ገመድ፣ ጥቂት መኖና ጨው በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ ይቀመጥ። ለዶሮዎችና ለድመት ክዳን ያለው ቅርጫት፣ ለውሻ ማሰሪያና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃ ይዘጋጅ፤ ሰውና እንስሳ በአንድ መጠለያ ሲሰበሰቡ ያልተከተበ ውሻ ሌላ አደጋ ይሆናልና። ሊወሰዱ የማይችሉትን ግን በር ከፍቶና ገመድ ፈትቶ መልቀቅ ነው። ጎርፍ ከገባ በኋላ ለላም ሲባል ወደ ቤት መመለስ አይገባም፤ የሰው ሕይወት ይቀድማል።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ አሉ። አንዳንዶቹ «ክፉ ነገር ማሰብ ክፉ መጥራት ነው፤ አታሟርቱ» ይላሉ። ነገር ግን ጣሪያውን ከክረምት በፊት የሚጠግን ሰው ዝናብን ጠራ አይባልም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረትም የሚነቅፈው ቀድሞ የሚጠነቀቀውን ሳይሆን ዘግይቶ የሚነቃውን ነው። ሌሎቹ ደግሞ «ለዛሬ ያልበቃን፣ ለነገ ከየት አምጥተን እናስቀምጥ?» ይላሉ። ይህ ሊናቅ የማይገባ ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ማሟላት ግድ አይደለም። አንድ ሳምንት አንድ ጣሳ ቆሎ፣ በሚቀጥለው አንድ ሳሙና እያሉ መሰብሰብ ይቻላል። ምግቡም በመስከረም፣ በታኅሣሥ፣ በመጋቢትና በሰኔ እየተበላ በአዲስ ከተተካ አይባክንም። ወረቀቶችን በላስቲክ መጠቅለልና በየት እንደሚገናኙ መነጋገርማ ገንዘብ አይጠይቅም። «የሰው ነፍስ ሲጨነቅ ስለ ከብትና ስለ ውሻ ማን ያስባል?» የሚሉም አሉ። ለገበሬ በሬው የሚቀጥለው ዓመት እርሻው ነው፤ ለእንስሳቱ ያልተሰናዳ ቤተሰብ ደግሞ ከሸሸ በኋላ እነርሱን ፍለጋ ወደ አደጋው ለመመለስ ይፈተናል። ስለዚህ ለእንስሳት መሰናዳት ለሰውም መሰናዳት ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ሥራው ከተከፋፈለ አይከብድም። አንዱ አያትን ይደግፍ፣ አንዱ ስንቁን ይያዝ፣ አንዱ ገመዱን ይፍታ። በብዙ ቤት ዝርዝሩን ለመጻፍ ብቁ የሆነው እንደ እናንተ ያለ ተማሪ ነው። ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ደብተራችሁን ይዛችሁ ከወላጆቻችሁ ጋር ተቀመጡ፤ የእያንዳንዱን ሰውና የእያንዳንዱን እንስሳ ስም ጽፋችሁ በትይዩው ማን እንደሚረዳው አመልክቱ። ከትይዩው ባዶ የቀረ ስም ካለ፣ ስንቁ ገና አልተሟላም።

መልመጃ

1. የምንባቡ ዋና ሐሳብ የተገለጸው በየትኛው አንቀጽ ነው? ዓረፍተ ነገሩን ጻፉ።
2. ጸሐፊው የጠቀሳቸውን ሦስት ተቃውሞዎችና የሰጣቸውን መልሶች አስረዱ። የትኛው መልስ አላረካችሁም? ለምን?
3. «አቁማዳ»፣ «ሲራራ»፣ «ቀዬ»፣ «ማሟረት» የሚሉትን ቃላት በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ።
4. በአካባቢያችሁ ሊደርስ የሚችል አንድ አደጋ መርጣችሁ፣ ቤተሰባችሁ እንዴት ሊሰናዳ እንደሚገባው ባለ ሦስት አንቀጽ የአስተያየት ድርሰት ጻፉ።