ሽለላው ተዘፈነ፤ ሙሾውስ?
ጦርነት የማይወደው የሆላንድ ፐንክ ባንድ ዘ ኤክስ ከጌታቸው መኩሪያ ጋር በ2006 እ.ኤ.አ. «ሞአ አንበሳ»ን ሲያሳትም ያጀበው የዘማች ማጀገኛ የሆነውን ሽለላ ነው። ነገሩ ያስቃል፤ ሙዚቃው ግን ያምራል። ጌታቸው ሽለላና ፉከራን ከሰው ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን ያሻገረ ሰው ነበርና የጊታሩ ጩኸት አላስደነገጠውም፤ እንዲያውም አጅቡኝ ያላቸው እሱው ነው። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። የአየርላንድን ባህላዊ ዜማ ከፐንክ ያዳቀሉት የለንደኖቹ ፖግሶች በ1985 እ.ኤ.አ. ሁለት እግሩን ጋሊፖሊ ጦር ሜዳ ላይ ጥሎ ስለተመለሰ አውስትራሊያዊ ወታደር የተደረሰን ዘፈን እንደ አዲስ ተጫወቱ። እኛስ? ፉከራውን በኤሌክትሪክ ጊታር አስጊጠን ሙሾውን ለአልቃሽ ትተናል። ዜማ አጥተን ግን አይደለም፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ የወሎውን የአምባሰልን ስም ይዟል፤ ድምፃዊቷ ማሪቱ ለገሰ በዚያ ቅኝት ስንቱን አንሰቅስቃለች! በ2014 ዓ.ም. ያ አገር፣ ሐይቅ ከተማም ጭምር፣ የጦርነት መተላለፊያ ሆነ። ነገ አንድ የሐይቅ ወጣት ከእናቱ እንጉርጉሮ ተነሥቶ፣ ቅኝቱን ሳይለቅ፣ ጊታሩን እስከ ጥግ ከፍቶ ቢጮኽበት «ቅርስ አበላሸ» ባይ አይጠፋም። እኔ ግን ቲኬቱን ቀድሜ እቆርጣለሁ።