ግፊት ለመለካት ጊዜ የለም? ሰልፉ እኮ ራሱ ጊዜ ነው

ዛሬ የምጽፈው ስለ ግፊት መድኃኒት አይደለም፤ መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት ስለሚመጣው ልኬት ነው።

ሕመምተኛ የሚበዛበት ጤና ጣቢያ ውስጥ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓትን አስቡት። ትሪያጅ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ በሩ ላይ ሰው ተደራርቧል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ስልክ ይጮኻል። የግፊት መለኪያው አንድ ነው፤ ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ካፍም ለቀጭኑም ለወፍራሙም ያው አንዱ ነው። አንድ አባት ከታክሲ ወርደው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ ካርድ ክፍል ተጋፍተው ይገባሉ። ትንፋሻቸው ሳይሰበሰብ "ክንድዎን፣ አባባ" ይባላሉ። ኮቱ አይወልቅም። ክንዳቸው ተንጠልጥሏል፤ ካፉ እየተነፋ "ምንዎን ነው ያመመዎት?" ተብለው እየመለሱ ነው። 156/94 ተብሎ ካርዳቸው ላይ ይጻፋል። ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁለት ሰዓት ሐኪም ይጠብቃሉ።

ቅደም ተከተሉን አያችሁት? ትክክለኛ ልኬት የሚፈልገው 5 ደቂቃ ጸጥ ብሎ መቀመጥ ነው። ሰውየው ሁለት ሰዓት ቁጭ ይላሉ፤ እኛ ግን የምንለካቸው ቁጭ ከማለታቸው በፊት ነው! "ሥራ ስለሚበዛ ጊዜ የለንም" የሚለውን ምክንያት የማልቀበለው ለዚህ ነው።

የወረቀት ላይ ሕግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ጎን ላይ የተንጠለጠለ ክንድ ጠረጴዛ ላይ ካረፈ ክንድ ጋር ሲነጻጸር የላይኛውን ቁጥር በአማካይ በ6.5 ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ከዚያ በፊት በ2023 የወጣው ደግሞ ይብሳል፦ በጣም ትልቅ ካፍ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ካፍ ሲለኩ ቁጥሩ 20 ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የሞላ ፊኛ፣ ወሬ፣ ባለፈው ግማሽ ሰዓት የተጠጣ ቡና ወይም የተጨሰ ሲጋራ ሁሉም የየራሱን ይጨምራል። (ጫትም አለ፤ እሱን ማን ይጠይቃል?) መስመሩ 140/90 ስለሆነ 10 እና 15 ነጥብ ቀላል ነገር አይደለም። ለአንዳንዱ ሰው ልዩነቱ ለዓመታት የሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ ሲነሱ የሚያዞር፣ አንዳንዴም አዛውንት የሚጥል።

በተቃራኒው በኩል ያለው ስህተት ግን የበለጠ ያስፈራኛል። በስቴቶስኮፕ ስንለካ የምናዳምጠው ሩሲያዊው ሐኪም ኮሮትኮቭ በ1905 የገለጸውን ድምፅ ነው። ጫጫታ ውስጥ የመጀመሪያዋ ቀጭን ድምፅ ታመልጣለች፣ ግፊቱም ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ይነበባል። ጭራሽ ካልተሰማስ? በቃ፣ 120/80! የመለኪያው መስመሮች የተሰመሩት በ2 በ2 ስለሆነ በዜሮ ማለቅ ያለበት ከ5 ልኬት አንዱ ገደማ ብቻ ነበር። ካርዶችን ስታገላብጡ ግን ሁሉም 110፣ 120፣ 130 ከሆነ፣ የተለካ ሳይሆን የተገመተ ቁጥር እያነበባችሁ ነው። በእርግዝና ክትትል ክፍል ደግሞ ሳይሰማ የተጻፈ 110/70 እናትን እስከ ማንቀጥቀጥ የሚያደርሰውን የእርግዝና ግፊት ሊሸፍን ይችላል።

ይህን ስል ጣቴን ሲስተሮች ላይ እየቀሰርኩ አይደለም። ግማሽ ቀን ሙሉ ቆማ በአንድ መለኪያ ያን ሁሉ ሰው የምትለካ ነርስ ተአምር አይጠበቅባትም። ትልቅ ካፍ የሚገዛውም፣ ጠረጴዛ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነውም አስተዳደሩ ነው።

የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ድንገተኛ ሕመምተኛ በሩ ላይ ይለካ፣ በዚህ አልከራከርም። የሌላው ሰው ልኬት ግን ከሰልፉ ጫፍ ተነስቶ ወደ ሐኪሙ በር አጠገብ ይዛወር። ክንድን በልብ ትክክል የሚያሳርፍ ጠረጴዛ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር፣ አንድ ትልቅ ካፍ። መርፌ ያለው መለኪያ ከሆነ ጠዋት ጠዋት ዜሮ ላይ ማረፉ ይታይ። "ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ ልንለካ ነው?" ለሚሉኝ ባልደረቦቼ፦ አይደለም። የመጀመሪያው ከ130/85 በታች ከሆነ ይለፍ፤ ድጋሚ የሚለካው ከፍ ያለበት ብቻ ነው፣ ያውም የደቂቃ ልዩነት ይበቃል። በጣም ከፍተኛ ካልሆነ ደግሞ በአንድ ቀን ልኬት ብቻ "ግፊት አለብህ" አይባልም፤ ሌላ ቀን ተቀጥሮ ይደገማል።

እናንተም አትፍሩ። "ሲስተር፣ አሁን ነው የደረስኩት፣ ትንሽ አረፍ ብዬ ልለካ" ማለት ነውር አይደለም። ሽንት ቤት ገብታችሁ ኑ፣ ኮትና ሹራብ አውልቁ፣ እግር አታነባብሩ፣ ካፉ እየተነፋ አታውሩ። ለቤት መለኪያ የምትገዙ ከሆነ የክንዱን እንጂ የእጅ አንጓውን አትግዙ፤ የልብ ምቱ ሥርዓት የሌለው ሰው ደግሞ የዲጂታሉን ቁጥር ብቻ አይመን።

አንድ አደራ፦ ይህን አንብባችሁ "የኔም ልኬት ስህተት ነበር" ብላችሁ መድኃኒት እንዳታቋርጡ። ጥርጣሬ ካላችሁ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ እየተለካችሁ ጽፋችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩ። ቁጥሩ 180/120 ደርሶ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የእጅ መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር ካለ ግን 5 ደቂቃ ዕረፍት የሚባል ነገር የለም፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።