አንጋፋውን አቀጣጣይ በሩጫ አትይዙትም

ለሰፈር ቡድን አሠልጣኞች የምለው አለኝ። በእኛ በሳንሱሲና በአካባቢው ወጣቶች ከጤና ቡድን ጎልማሶች ጋር ሲገጥሙ ከሜዳው ዳር አንድ ትእዛዝ ይደጋገማል፦ «አርጅቷል፣ አሩጠው!» ትእዛዙ የሚደርሰው በአሥራዎቹ መጨረሻ ላይ ላለ የተከላካይ አማካይ ነው። የሚሮጥበት ሰው ደግሞ ከአርባ የተሻገረ፣ ሆዱ ትንሽ ገፋ ያለ፣ መሀል ሜዳ ላይ ቆሞ ጨዋታ የሚያቀጣጥል ጎልማሳ ነው። እረፍት ሲወጡ ምላሱ ከአፉ የወጣው ልጁ ነው። ጎልማሳው ውሃውን እየተጎነጨ ከጓደኞቹ ጋር ያወራል።

ይህን ያህል ጉልበት እንዲሁ ሲባክን ማየት ያናድደኛል፤ ልጆቹ ሰነፎች ሆነው ሳይሆን የተሰጣቸው ትእዛዝ የተሳሳተ ስለሆነ።

እንዲህ ያለውን ሰው በደንብ ለማየት እግሩን ትቶ አንገቱን መመልከት ይበቃል። ኳሷ ገና የራሱ ተከላካይ እግር ላይ ሳለች በቀኝ ትከሻው ላይ ዞር ብሎ ያያል፤ ከዚያ በግራው። ኳሷ ወደ እሱ ስትነሳ እንደገና ያያል። ፊቱን ለኳሷ ሰጥቶ አይጠብቃትም፤ ጎኑን ሰጥቶ፣ ግማሽ ሜዳውን በዓይኑ ይዞ ይቆማል። ስትደርሰው በራቀው እግሩ ይቀበላታል፣ በሁለተኛው ንክኪ ትሄዳለች። ልጁ በሙሉ ፍጥነት ሲደርስ የሚያገኘው ኳሷ የነበረችበትን አቧራ ነው። እንግዲህ ሩጫው ምን ፈየደ? ዕድሜ የሰውየውን እግር አዘግይቶት ይሆናል፤ ያቀበላት ኳስ ግን አታረጅም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች። አየሩ ስስ ነው፤ ተሻግራ የምትላክ ኳስ ከቆላ ይልቅ እዚህ ርቃ ትሄዳለች። ከፍታው የሯጩን ትንፋሽ ሲያሳጥር፣ አሻግሮ ለሚያቀብል ግን ያግዘዋል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ላይ ብራዚል ፍራንክፈርት ላይ ከፈረንሳይ ጋር ስትጫወት የከፈለችው እንዲህ ላለው አንጋፋ ቦታ የመስጠትን ዋጋ ነበር። ዚነዲን ዚዳን 34 ዓመቱ ነበር፤ ከውድድሩ በኋላ ጫማውን እንደሚሰቅል አስቀድሞ ተናግሯል። ብራዚሎች ቦታ ሰጡት። በዚያ ቀን ያደረገውን ያየ ሁሉ እስካሁን ያወራዋል። ግቧ የመጣችበትን መንገድ ግን ጥቂቶች ናቸው ልብ የሚሉት። በቅጣት ምት ነበር፤ ዚዳን አሻገራት፣ ቲየሪ ኦንሪ ብቻውን ሆኖ አገባት፣ ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ።

ስለዚህ ቁርጭምጭሚት በመምታት የሚታመኑ አሠልጣኞች ይህን ያስቡበት። ቅጣት ምት ማለት ሰውየው ሳይሮጥ፣ ማንም ሳይጠጋው፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ዓይኑን ዒላማው ላይ ተክሎ የሚመታት ኳስ ናት። ዕድሜ ካልወሰደበት ነገር ሁሉ ዋናውን በእጁ ታስይዙታላችሁ ማለት ነው። ከዚያም ሌላ ነገር አለ። ልጁ ጥሎት ሲያበቃ እጁን ይዞ እያነሳው «ይቅርታ ጋሼ» ይላል፤ ይቅርታው ከልብ እንደሆነ ፊቱ ላይ ይነበባል። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ታክሲ የሚሳፈር፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው እግር በአሠልጣኝ ትእዛዝ መመታቱ ነውር ነው። ጠቃሚ ቢሆን እንኳ ነውር ነበር፤ ደግሞ አይጠቅምም።

የሚጠቅመውን ስፔኖች እ.ኤ.አ. በ2012 አሳይተውናል። በአውሮፓ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ላይ እንግሊዝ ኪየቭ ውስጥ ከጣሊያን ጋር ስትጫወት የ33 ዓመቱን አንድሬያ ፒርሎን እንደፈለገ እንዲያቀብል ተወችው። መቶ ሃያ ደቂቃ ያለ ግብ አልቆ በመለያ ምት ጣሊያን አለፈች፤ ፒርሎም የራሱን ምት ኳሷን ከሥር ቆንጠር አድርጎ በመሀል አሳለፋት። ከሳምንት በኋላ በዚያው ስታዲየም ፍጻሜው ሆነ። ስፔን 4 ለ 0 አሸነፈች። ፒርሎን የደበደበው አልነበረም። ኳሷን ስፔኖች ያዟት፤ ፒርሎም ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄድ እየተከተለ መሮጥ ግድ ሆነበት። ያረጀ እግር የሚከብደው ያኔ ነው፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ሲሮጥ። የሚሮጠው እሱ ይሁን እንጂ የእናንተ ልጅ አይሁን።

ሰው በሰው መያዝ ፈጽሞ አይሠራም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 አሌክስ ፈርጉሰን ኮሪያዊውን ፓርክ ጂ ሱንግን ይህንኑ ፒርሎን እንዲይዝ አዘውት፣ ማንቸስተር ዩናይትድ በቻምፒየንስ ሊግ የመልስ ጨዋታ ሚላንን 4 ለ 0 ረታ። ግን ፓርክ ምን እንዳደረገ እንይ። ኳሷ ፒርሎ ዘንድ ከደረሰች በኋላ የሚደርስ ጠባቂ አልነበረም። ኳሷ ከመነሳቷ በፊት በእሷና በፒርሎ መሀል ይገኝ ነበር። ኳሷ የዩናይትድ ስትሆን ደግሞ ወደ ፊት ይወጣ ነበር፤ በዚያ ምሽት ራሱም አንድ ግብ አግብቷል። ሳንባ ያለው ልጅ ካላችሁ እንዲህ ተጠቀሙበት፤ ሌላ ከሆነ ግን አታድክሙት።

በአገራችን ሊግ አንጋፋ አቀጣጣይን እንዴት እንያዝ የሚለውን ጥያቄ በግልጽ ያቀረበልን አማካዩ ሽመልስ በቀለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ ገና ወጣት ነበር፤ ከዚያ በግብፅ ሊግ በፔትሮጄትና በሌሎች ክለቦች ለዓመታት ተጫውቶ፣ ሠላሳውን ተሻግሮ ወደ መቻል መጣ። «ጡረታ ለመውጣት ነው የመጣው» ያሉ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. የውድድር ዘመን መቻል ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር እስከ መጨረሻው ተናንቆ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። የእኛ ሊግ ተከላካዮች ፈጣኖች ናቸው፣ ጠንካሮችም ናቸው። የሚጎድላቸው ከኳሷ በፊት ማሰብ ነው፤ ይህ ጉድለት ደግሞ ፕሪሚየር ሊግ ላይ ተጀምሮ አያውቅም፣ ከሰፈር ሜዳ ነው ይዘውት የሚሄዱት። ስለዚህ ነው የሳንሱሲ ሜዳ የሚያሳስበኝ።

ትክክል ሠርቶ የተሸነፈም አለ። የክሮኤሺያው ተከላካይ ዮሽኮ ግቫርዲዮል በካታር የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ 20 ዓመቱ ነበር፣ የተሰበረ አፍንጫውን በጭንብል ሸፍኖ የሚጫወት። የ35 ዓመቱን ሜሲን በመስመሩ ላይ አልለቀቀውም፤ ሜሲ ቆመ፣ ዞረ፣ ሄደ፣ እንደገና ዞረ፣ ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ለአልቫሬዝ ወደ ኋላ መለሰለትና 3 ለ 0 ሆነ። ብዙዎች በልጁ ፈረዱበት። እኔ አልፈርድበትም። ያን ሁሉ መንገድ ሲሄድ ብቻውን ነበር፤ ሁለተኛ ሰው ውስጡን ሊዘጋለት አልመጣም። እንዲህ ያለውን ተጫዋች ለአንድ ልጅ አሸክሞ ሲያመልጠው መስደብ የአሠልጣኝ ጥፋት ነው።

እንግዲህ ለእኛ ሜዳ። መጀመሪያ ለጎልማሳው ኳስ የሚያቀብለውን ተከላካይ ፈልጉት፤ ዘወትር አንድ ወይም ሁለት ናቸው። አጥቂያችሁ የሚጠጋው እሱን ይሁን፣ ያውም ወደ ጎልማሳው የሚወስደውን መስመር በሰውነቱ ሸፍኖ። የተከላካይ አማካዩ ደግሞ አንድ ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ ይቁም፤ ሲዞር ብቻ ይጠጋው፤ ወደ ደካማ እግሩ ይግፋው፣ አይንደርደርበት። ኳሷን ስትነጥቁ በጎን በኩል አትሽሹ። በእሱ በኩል እለፉ፣ ሁለት ሦስት ቅብብል በአጠገቡ አድርጉና መከላከል ግድ ይሁንበት።

ሜዳውንም እዩት። በበጋ መሬቱ ሲደርቅ ኳስ ትነጥራለች፤ ጎልማሳው ለማስተካከል ተጨማሪ አንድ ንክኪ ያስፈልገዋልና ልጁ የሚጠጋው በዚያች ቅጽበት ነው። በክረምት ጭቃው ውስጥ መሬት ለመሬት የተላከች ኳስ መንገድ ላይ ትቀራለች፤ ያን የሚያውቅ ሰው በአየር መላክ ይጀምራል፣ ስለዚህ የመሀል ተከላካዮቻችሁ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይግቡ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ጎልማሳው ሲደክመው በሁለቱ የመሀል ተከላካዮቹ መካከል ወርዶ ኳስ መለመን ይጀምራል። አሠልጣኞቻችን ይህን ሲያዩ ልጁን «ተከተለው!» ይሉታል፤ ልጁም ተከትሎት ሲሄድ መሀል ሜዳው ባዶ ይቀራል። አይከተለው። እዚያ ታች ሆኖ ከግባችሁ ርቋል። ለአጥቂያችሁ ተዉለት፤ ልጁ ቦታው ላይ ቆሞ የሚመጣውን ኳስ ይጠብቅ።