አቶምን የሰነጠቀው ማን ነው?

 

የዛሬው ጽሑፋችን መነሻ ጠብ ነው። ደርሶ ጠብ አልሆነም እንጂ ለጥቂት ነው የተረፈው። ባለፈው ቅዳሜ የወጣቶች ክበብ ባዘጋጀው የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ «አቶምን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰነጠቀው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ወጣ። አንደኛው ቡድን «ራዘርፎርድ» አለ። ሁለተኛው «ኮክሮፍትና ዋልተን» ብሎ መለሰ። ዳኛው በእጃቸው የያዙትን ወረቀት አዩና «ሁለታችሁም ስታችኋል፤ መልሱ ኦቶ ሃን ነው» አሉ። በዚህ መሐል ከተመልካቹ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ተነሥታ «አንዲት ሴትም ነበረች እኮ፤ ስደተኛ ነበረች፤ መጽሐፍ ላይ አንብቤአለሁ» ስትል ገሚሱ ሳቀ፣ ገሚሱ «ተቀመጪ!» አላት። ውድድሩም በጭቅጭቅ አለቀ። በማግስቱ ከሁለቱም ቡድን የተላኩ ልጆች እኛ ዘንድ መጥተው «እናንተ ጻፉበትና ይለይ» አሉን። ልጅቷ ግን አልመጣችም። ክበቡም ከዚያ ወዲህ ብቅ አላለችም ብለውናል።

እሺ፣ እንጻፍበት። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልን።

በመጀመሪያ አቶም ምንን ይመስላል? በ1911 ኧርነስት ራዘርፎርድ እንዳሳየው አቶም አብዛኛው ባዶ ቦታ ነው። ክብደቱ ሁሉ ማለት ይቻላል የተከማቸው መሐሉ ላይ ባለች ኒውክለስ በምትባል ደቃቅ እምብርት ነው። አቶሙን የእኛን ኳስ ሜዳ ያህል አድርጋችሁ ብትስሉት፣ ኒውክለሷ መሐል ሜዳ ላይ የወደቀች አንዲት የጤፍ ፍሬ ናት። እንግዲህ «አቶምን መሰንጠቅ» ሲባል ያችን የጤፍ ፍሬ መሰንጠቅ ማለት ነው።

ራዘርፎርድ በ1871 በኒውዚላንድ ገጠር የተወለደ፣ ከ12 ልጆች አራተኛው ነው። እንግሊዝ አገር የሚያስተምረውን ስኮላርሺፕ ማግኘቱ ሲነገረው ድንች ሲቆፍር ነበር ይባላል። ይህ ሰው በ1919 ይፋ ባደረገው ሙከራ፣ ከራዲየም ዓይነት ንጥረ ነገር የሚወረወሩትን አልፋ የሚባሉ ጥይቶች ናይትሮጅን ጋዝ ላይ ለቀቀ። ከጋዙ ውስጥ የሃይድሮጅን እምብርት፣ ማለትም ፕሮቶን፣ ተፈናጥሮ ሲወጣ አገኘ። የሰው እጅ አንድን ንጥረ ነገር ሲለውጥ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ሆኖም ቁራሽ ወጣ እንጂ እምብርቷ ለሁለት አልተከፈለችም። እንደውም በ1925 ፓትሪክ ብላኬት ባነሣቸው ፎቶግራፎች እንደታየው፣ ጥይቷ እዚያው ተውጣ ናይትሮጅኑ ኦክስጅን ሆኗል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቡድን መልስ «ለወጠ» ለሚል ጥያቄ ይሆናል፤ «ሰነጠቀ» ለሚለው ግን ትንሽ ይከብዳል።

ሁለተኛው ቡድን የተሻለ ይዟል። ጆን ኮክሮፍትና ኧርነስት ዋልተን በካምብሪጅ፣ ራዘርፎርድ በሚመራው የካቨንዲሽ ላቦራቶሪ፣ ፕሮቶኖችን በኤሌክትሪክ ኃይል የሚያስፈነጥር መሣሪያ ሠሩ። ዋልተን የአየርላንድ ልጅ ነው። አባቱ የፕሮቴስታንት ሰባኪ ስለነበሩ ቤተሰቡ በየጥቂት ዓመቱ ዕቃውን እየጠቀለለ ከከተማ ከተማ ሲዞር ነው ያደገው። መሣሪያው እስከ 700,000 ቮልት የሚደርስ ኃይል የሚያመነጭ ቢሆንም፣ አየር እንዳያስገባ የመስታወት ቱቦዎቹን መጋጠሚያ የደፈኑት ሕፃናት በሚጫወቱበት ፕላስቲሲን ነበር። በየቤታችን የተሰነጠቀ ጀሪካን በላስቲክ አቅልጠን የምንደፍን ሰዎች ይህ ነገር ይገባናል።

ሚያዝያ 14 ቀን 1932 ዋልተን ማሽኑን ከፈተና፣ ኤሌክትሪኩ እንዳይመታው መሬት ለመሬት እየዳኸ መከታተያዋ ጠባብ ሣጥን ውስጥ ገባ። ፕሮቶኖቹ የሚመቱት ሊቲየም የሚባለውን ቀላል ብረት ነው። በትንሹ መስኮት ሲያይ የብርሃን ነጠብጣቦች ብልጭ ብልጭ ይላሉ። ኮክሮፍትን ጠራው፤ ኮክሮፍትም አየ። ራዘርፎርድ ተጠራ። ግዙፍ ሰው ነውና እንደምንም ተጨናንቆ ወደ ሣጥኗ ገባ፤ ብልጭታውን እንዳየም አልፋ መሆናቸውን ለየ። እሱ ራሱ ዕድሜ ልኩን ያጠናቸው ናቸው፣ እንዴት ይጥፉት? የሊቲየሟ እምብርት ፕሮቶኗን ውጣ ለሁለት እኩል ተከፍላለች፤ ሁለት የሂሊየም እምብርቶች ሆናለች። በሰው በተሠራ መሣሪያ እምብርት ሲሰነጠቅ የመጀመሪያው ይህ ነው። የኖቤል ሽልማቱን ያገኙት ግን በ1951፣ ከ19 ዓመት በኋላ ነው።

እስከዚህ ድረስ ዳኛው ተረቱ ማለት ነው። ግን አልተረቱም። ሊቲየም ትንሽ ናት። እንደ ዩራኒየም ያለው ከባዱ እምብርት ይከፈላል ብሎ የገመተ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1934 ኤንሪኮ ፌርሚ ሮም ላይ ዩራኒየምን በኒውትሮን ሲመታ፣ ሳያውቀው ሰንጥቆታል፤ እሱ ግን አዲስ ንጥረ ነገር ያገኘ መሰለው። በዚያው ዓመት አይዳ ኖዳክ የምትባል ጀርመናዊት ኬሚስት «ምናልባት ወደ ትልልቅ ቁርጥራጮች ተከፍሎ ይሆን?» ብላ ጽፋ ነበር። የሰማት የለም።

አሁን ወደ ልጅቷ ነገር እንምጣ። አንቱ ማለት ሲገባን እሷ ብንል ቅር እንዳትሰኙ፤ ከልባችን ስለቀረብናት ነው። ሊዘ ማይትነር በ1878 ቪየና ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። በዚያ ዘመን የሴት ልጅ ትምህርት በ14 ዓመቷ ያበቃል። ዩኒቨርሲቲው ለሴቶች የተከፈተው በ1897 ነው፤ ሊዘ ያመለጣትን የስንት ዓመት ትምህርት በግሏ አጥንታ በ1901 መግቢያውን ፈተና አለፈች፤ በ1906 በፊዚክስ ዶክተር ሆነች። በ1907 በርሊን ሄደች። እዚያ ከኬሚስቱ ከኦቶ ሃን ጋር ሥራ ጀመረች፤ ሴት ወደ ተቋሙ እንዳትገባ ክልክል ስለነበረ ግን የሰጧት ምድር ቤት ያለ የድሮ የአናጺ ክፍል ነው። ሽንት ቤት እንኳ ስትፈልግ ወደ ጎረቤት ሆቴል ትሄድ ነበር። ደመወዝ የለም። ይህን ሁሉ ችላ በ1926 በጀርመን የመጀመሪያዋ ሴት የፊዚክስ ፕሮፌሰር ለመሆን በቃች።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። አይሁዳውያን ምሁራን ከየዩኒቨርሲቲው ተባረሩ፤ የሊዘም የማስተማር ፈቃድ ተነጠቀ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ የተሰደዱ ምሁራንን ሥራና ማደሪያ የሚያገናኝ ማኅበር ተቋቋመ። ሊቀ መንበሩ ማን ነበር ብትሉ፣ ያው የድንቹ ልጅ፣ ራዘርፎርድ። አቶምን ከመለወጡ ይልቅ እኛን ደስ ያሰኘን ይሄ ነው ብንል ሳይንቲስቶቹ ይቆጡን ይሆን?

ሊዘ የኦስትሪያ ዜጋ ስለነበረች እስከ 1938 ተቋሟ ውስጥ ቆየች። በዚያ ዓመት መጋቢት ወር ጀርመን ኦስትሪያን ስትጠቀልል ፓስፖርቷ በአንድ ጀንበር ዋጋ ቢስ ሆነ። የመውጫ ፈቃድ ብትጠይቅ፣ ታዋቂ አይሁዳውያን ውጭ እንዲሄዱ አይፈለግም ተብሎ ተከለከለች። መቆየት አትችልም፣ መሄድም አትችልም። ይህን ዓረፍተ ነገር እዚህ ካምፕ ውስጥ ለማን እናስረዳለን!

ሐምሌ 13 ቀን 1938፣ በ59 ዓመቷ፣ ሁለት ትንንሽ ሻንጣና አሥር ማርክ ይዛ ባቡር ላይ ወጣች። ሃን ምናልባት ድንበር ላይ ለጠባቂ መደለያ ቢያስፈልጋት ብሎ የእናቱን የአልማዝ ቀለበት ሰጥቷት ነበር። ዲርክ ኮስተር የሚባል ሆላንዳዊ የፊዚክስ ሊቅ ከአገሩ ድረስ መጥቶ አብሯት ተጓዘ፤ ከድንበሩ ጠባቂዎች ጋርም አስቀድሞ ተነጋግሮ ነበር። ቀለበቱ ሳያስፈልግ ሆላንድ ገባች። ከዚያ በዴንማርክ አልፋ ስዊድን፣ ስቶክሆልም። እዚያም አንድ ተቋም ውስጥ ቦታ ተሰጣት፤ መሣሪያ የለ፣ ረዳት የለ፣ የራሷ ቁልፍ እንኳ የለ። ልብሷና መጻሕፍቷ ከበርሊን እስኪመጡ ወራት ፈጀ። ስንት ተማሪ ያስመረቀ መምህር ካርዱን ይዞ ወረፋ ላይ ሲቆም ያያችሁ ሁሉ፣ የሊዘን የስቶክሆልም ክረምት መገመት አያቅታችሁም።

በርሊን የቀሩት ሃንና ፍሪትዝ ስትራስማን ሥራውን ቀጠሉ። (ስትራስማን ከናዚዎች ጋር አልተባበርም ያለ፣ ኋላም በጦርነቱ ጊዜ ከሚስቱ ጋር አንዲት አይሁዳዊት ሴት ቤቱ የደበቀ ሰው ነው።) ኅዳር ላይ ሃን ኮፐንሃገን ድረስ ሄዶ ሊዘን በምሥጢር አገኛት፤ ውጤቱን በደንብ እንዲፈትሹ አሳሰበችው። ፈተሹ። ታኅሣሥ 19 ሃን ደብዳቤ ጻፈላት፦ በኒውትሮን የተመታው ዩራኒየም ውስጥ ባሪየም ተገኝቷል፤ እንዴት ሊሆን ይችላል? ባሪየም እኮ የዩራኒየምን ግማሽ ከፍ ቢል ነው።

ገና ነበር። ሊዘ ኩንግኤልቭ በምትባል ትንሽ ከተማ ወዳጆቿ ዘንድ ነበረች። የእህቷ ልጅ ኦቶ ፍሪሽም በ1933 ከጀርመን የተሰደደ የፊዚክስ ሊቅ ነው፤ ለበዓል መጥቶላታል። አባቱ በዚያ ሰዓት ናዚዎች አስረዋቸዋል። በዓሉ እንዲህ ያለ በዓል ነው። አክስትና የእህት ልጅ በበረዶው ላይ እየተጨዋወቱ ወጡ፤ እሱ በበረዶ መንሸራተቻ፣ እሷ በእግሯ። የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጠው በብጫቂ ወረቀት ማስላት ጀመሩ።

ኒውክለሷ ድንጋይ ሳትሆን የውኃ ጠብታ ብትሆንስ? ከቧንቧ ጫፍ የምትንጠለጠለውን ጠብታ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ፤ ትረዝማለች፣ ወገቧ ይቀጥናል፣ ከዚያ ትበጠሳለች። ዩራኒየም 92 ፕሮቶን አለው፤ እነዚህ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ እምብርቷ ለመበጠስ የተቃረበች ናት። አንዲት ኒውትሮን ስትጨመርባት ትርበተበትና ለሁለት ትከፈላለች። ባሪየም 56 ፕሮቶን ነው፤ የቀረው 36 ደግሞ ክሪፕተን የሚባለው ጋዝ ነው። ሒሳቡ ገጠመ። ሁለቱ ቁርጥራጮች ሲደመሩ ከመጀመሪያው ክብደት ትንሽ ይጎድላሉ፤ ሊዘ ቀመሩን በቃሏ ታውቀዋለችና አሰላችው፤ የጎደለው ክብደት በአይንስታይን ስሌት ወደ ኃይል ሲለወጥ 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ሆነ። ቁርጥራጮቹ ለመለያየት የሚያስፈልጋቸውም ልክ ያን ያህል ነበር። ከአንዲት እምብርት ብቻ የሚወጣው ኃይል በዓይን የምትታይ የአሸዋ ቅንጣት ብድግ ሊያደርግ ይችላል።

ሃንና ስትራስማን ኬሚስትሪውን ጥር 6 ቀን 1939 አሳተሙ። የተሰደደችን አይሁዳዊት ስም አብሮ ማተም በዚያ አገር አይቻልም ነበርና ሊዘ የለችበትም። እሷና ፍሪሽ ምክንያቱን አስረድተው፣ ስምም አውጥተውለት፣ የካቲት 11 ለብቻቸው አሳተሙ። የ1944 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሰጠው ለሃን ብቻ ነው። የዳኛው ወረቀትም ከዚያ የተቀዳ መሆን አለበት። ስትራስማን ራሱ ግን የቡድኑ አእምሮ ሊዘ እንደነበረች በኋላ መስክሯል።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። ፍሪሽ እንግሊዝ ሲገባ፣ ከጀርመንና ከኦስትሪያ የመጣ ሰው የራዳር ምሥጢር ላይ እንዳይሠራ ስለተከለከለ፣ እሱና ሌላው ስደተኛ ሩዶልፍ ፓየርልስ በ1940 ያልተከለከለውን ዩራኒየም አሰቡ፤ ጥቂት ኪሎ ለቦምብ እንደሚበቃም ጻፉ። ነሐሴ 6 ቀን 1945 ሂሮሺማ ላይ ተጣለ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ወደ 140,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። ሊዘ በ1943 በቦምቡ ሥራ እንድትሳተፍ ተጋብዛ እምቢ ብላለች። ከቦምብ የሸሸን ሰዎች ስለሆንን ይህን ሳንጽፍ ማለፍ አልሆነልንም። በአንጻሩ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የካንሰር ሕሙማን የታከሙበት የኮባልት ጨረርም የሚመረተው ዩራኒየም በሚሰነጠቅበት ምድጃ ውስጥ ነው።

ሊዘ በ1949 የስዊድን ዜጋ ሆነች፤ በ1968 በ89 ዓመቷ ካምብሪጅ ውስጥ አረፈች። ከ1997 ጀምሮ 109ኛው ንጥረ ነገር በስሟ ማይትነሪየም ይባላል።

የውድድሩን ነጥብ በተመለከተ ዳኛውን አነጋግረናቸዋል። ለሁለተኛው ቡድን ሙሉ፣ ለአንደኛው ግማሽ ይሁን ብለን ነበር፤ ግማሹን ገና አልተቀበሉም። ልጅቷ ላይ የሳቁት ግን ማን ማን እንደሆኑ ያውቃሉ፤ ሁለቱ እኛው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። እህታችን፣ ይህን ካነበብሽ፣ ክበቡ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ መጽሐፉንም ብታውሺን በሳምንቱ እንመልሳለን።