ቆማም የምታስቀጣ መኪና

ለገና አገር ቤት ገብቼ ሁለት ወር ቆየሁ። መኪናዬን ለንደን ውስጥ፣ ከምከራይበት ፎቅ ፊት ለፊት አስፋልት ዳር አቁሜያት ነበር። የመንገድ ግብሯ በፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። «እሷ ቆማለች፣ እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ ማን ምን ይለኛል?» ብዬ ዝም አልኩ። ስመለስ በሩ ሥር ከተከመረው ፖስታ መሃል የ80 ፓውንድ ቅጣት ጠበቀኝ። ጎማዋ በብረት አለመታሰሩም ዕድል ነው።

ጥፋቱ የራሴ ነው። የምጽፈውም ብዙ የአገሬ ልጆች እንደኔ ስለሚያስቡ ነው።

የብሪታንያ ሕግ መኪናችሁ ትነዳ አትነዳ አይጠይቅም። ከ1998 ጀምሮ መኪና ወይ ግብር የተከፈለባት ናት፣ ወይ «ከመንገድ ወጥታለች» ተብሎ የተመዘገበች ናት። ሌላ መንገድ የለም። ማስታወቂያው «ሶርን» ይባላል። ዝም ማለት ብቻውን ያስቀጣል። ከ2011 ወዲህ ደግሞ ኢንሹራንስም እንደዚያው ነው፤ ሶርን ካልተባለች ቆማም ዋስትና ሊኖራት ግድ ነው።

እኛ የለመድነው ቦሎ መስታወት ላይ ተለጥፎ ትራፊክ ሲያየው ነው። እዚያ ግን ወረቀቱ በኦክቶበር 2014 ቀርቷል። አሁን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተሩ ነው፤ ካሜራም ታርጋ ያነባል። ስለዚህ «ማንም አላየኝም» አይሠራም።

ደግሞ ሶርን በነፃ ነው! ከሊብሬው ላይ ያለውን ባለ 11 አሃዝ ቁጥር ይዛችሁ በስልካችሁ፣ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ትሞላላችሁ፤ አለቀ። የተረፈ ሙሉ ወር ካለ የግብሩ ገንዘብ ይመለስላችኋል። በየዓመቱ ማደስም የለም።

እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ሶርን የተባለች መኪና የምትቆመው በግል ግቢ ወይም ጋራዥ ውስጥ ብቻ ነው። ደጃፋችሁ ያለው አስፋልት፣ የነዋሪ ፓርኪንግ ፈቃድ ከፍላችሁም ቢሆን፣ የሕዝብ መንገድ ነው። እንግዲህ በነፃ የተሰጠው መብት የሚደርሰው ግቢ ላለው ነው። እንደኔ ፎቅ ላይ የተከራየ ሰው ለቆመች መኪና መክፈሉን ይቀጥላል።

«መንገዱ የሁሉም ነው፤ ቦታ ይዘህ ከቆምክ ክፈል» የሚል ክርክር አለ። እውነት አለው፣ አልክድም። ግን ቦታ የያዝኩበትን ለፓርኪንግ ፈቃዱ ከፍያለሁ። ለወራት የማትነቃነቅ መኪና ያለው ተከራይ ቢያንስ የግብሩ ቅናሽ ቢያገኝ ፍትሕ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ግን መፍትሔው የእኛው የድሮ ባህል ነው፦ ግቢ ያለው ዘመድ ፈልጉ። ግብሩ ሳያልቅ መኪናዋን ወስዳችሁ እዚያ አቁሙ፣ ከዚያ ሶርን በሉ። በኋላማ መንዳት የምትችሉት ቀድሞ ቀጠሮ ወደተያዘለት የቴክኒክ ምርመራ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ መንገድ ላይ ከተገኘች ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሊደርስና እስከ 2,500 ፓውንድ ሊያስቀጣ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ያገለገለ መኪና ለምትገዙ። የሻጩ ግብርም ሆነ ሶርን ወደ እናንተ አይተላለፍም። «እሱ ከፍሎበታል» ብላችሁ ቁልፍ ተቀብላችሁ እንዳትነዱ። መጀመሪያ በስማችሁ ግብሩን ክፈሉ፣ ኢንሹራንሱን ግቡ፣ ከዚያ ሞተር አስነሡ።

የአውሮፕላን ትኬት ስትቆርጡ የመኪናችሁንም ቀን እዩ። በስልካችሁ የምትሠሩት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ እነዚያን አምስት ደቂቃዎች ቆጥቤ 80 ፓውንድ ከፈልኩ፤ እናንተ አትክፈሉ።