የገዛ ደም ለገዛ ቁስል

በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ጥርስና ስለ ደም ልንነጋገር አስበናል። በዳባትና በደባርቅ፣ እንዲሁም በስሜን ተራሮች ግርጌ የሚኖረው ሕዝባችን ገብስ አብቃይ እንደ መሆኑ መጠን፣ የጥርሱን ብርታት የሚለካው በቆሎ ነው። ቆሎ መቈርጠም ያቃተው ሰው ወደ በሶ ይዞራል፤ ሆዱን ቢሞላም የማዕዱ ደስታ ይቀንስበታል። ስለዚህ ጥርስን ማጣት የመልክ ጕድለት ብቻ ሳይሆን ለምግብ፣ ለንግግርና ለጤናም የሚተርፍ ጉዳት ነው።

ይህን ጉዳት ለመጠገን በዓለም ላይ አንድ ታላቅ ጥበብ ተገኝቷል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ1952 ፐር-ኢንግቫር ብሮነማርክ የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም በጥንቸል ዐጥንት ላይ ምርምር ሲያደርግ፣ ቲታኒየም ከሚባለው ብረት የተሠራው መሣሪያ ከዐጥንቱ ጋር ተዋሕዶ አልላቀቅ አለው። ይህን ካስተዋለ በኋላ ብዙ ዓመት መርምሮ፣ በ1965 ጥርስ ለሌለው ሰው መንጋጋ የቲታኒየም ችንካር ተከለ። በዚያ ችንካር ላይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይቆማል። ይህ ሕክምና ዛሬ በአገራችንም በአዲስ አበባ ይሰጣል። ሆኖም ችንካሩ ከዐጥንት ጋር እስኪዋሐድ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር መታገሥ ያስፈልጋል።

ሐኪሞች ይህ የመዳን ጊዜ የተቃና እንዲሆን የሚረዳ መድኀኒት ሲፈልጉ፣ ያገኙት ከሩቅ አልነበረም፤ ከራሱ ከሕመምተኛው ደም ነው እንጂ። በ1998 ሮበርት ማርክስ የተባለ አሜሪካዊ የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ ከሕመምተኛው ደም የተጣራ ፈሳሽ ለመንጋጋ ዐጥንት ጥገና እንደሚረዳ ጽፎ አሳተመ። በ2001 ደግሞ ጆሴፍ ሹክሩን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ ከዚያ የቀለለ መንገድ አሳዩ።

ሥራው እንዲህ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደግን ሁሉ ደም የሕይወት ምልክት መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስለ ሰማን፣ «ደም ይቀዳል» ሲባል መደንገጣችን አይቀርም። ነገር ግን የሚቀዳው ጥቂት ነው፤ አንዱ ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ሲይዝ፣ በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ደም 5 ሊትር ያህል ነው። ጠላ በጋን ውስጥ ሲቆይ አተላው ወደ ታች እንደሚዘቅጥና ቀጭኑ ከላይ እንደሚጠራ እመቤቶቻችን ያውቃሉ። ደምም ከባድና ቀላል ክፍሎች አሉት፤ ሆኖም ቶሎ ስለሚረጋ እንደ ጠላው ቆሞ አይጠበቅም። ስለዚህ ብልቃጡ ወዲያውኑ ሴንትሪፊዩጅ በሚባል መሣሪያ ውስጥ ገብቶ ለ10 ደቂቃ ያህል በኀይል ይሽከረከራል። ቀዩ ደም ከታች ይቀራል፤ ቀጭኑ ፈሳሽ ከላይ ይሆናል፤ በመካከላቸው ወደ ቢጫ የሚያደላ ለስላሳ ርጋታ ይገኛል። ሐኪሙ የሚፈልገው ይህን መካከለኛውን ነው። አውጥቶ በጥቂቱ ይጫነውና እንደ ስስ ጨርቅ አድርጎ በቁስሉ ላይ ያኖረዋል።

ይህ ርጋታ ፋይብሪን በሚባሉ እጅግ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ መረብ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶቻችን ተረት በዚህ ላይ እውነት ሆኖ ይታያል። በመረቡ ውስጥ ደም አርጊ ሕዋሳት ተይዘው ይቀራሉ። እነርሱም ለብዙ ቀናት ቀስ በቀስ የሚያፈልቁት ንጥረ ነገር፣ አዲስ ሥጋና አዲስ የደም ሥር የሚሠሩትን ሕዋሳት ወደ ቁስሉ ይጠራል።

እንግዲህ ጥቅሙን ከልኩ አናሳልፈው። የድድ ቁስል ቶሎ እንዲሽርና ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የሚመጣው ሕመም እንዲቀንስ እንደሚረዳ ብዙ ምርምሮች አሳይተዋል። ችንካሩ ከዐጥንት ጋር እንዲዋሐድ በመርዳት ረገድ ግን የምርምሩ ውጤት የተለያየ ነው፤ ጥቂት ጥቅም ያገኙ አሉ፤ ልዩነት ያላዩም አሉ። ስለዚህ በዚህ ምክንያት ብዙ ገንዘብ የሚጠየቅ ሰው «ለእኔ በእርግጥ ያስፈልገኛልን?» ብሎ ሐኪሙን ቢጠይቅ መብቱ ነው።

«ይህ ሁሉ ለስሜን ገበሬ ምን ይረባዋል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ከደባርቅ እስከ ጎንደር ብቻ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ የችንካሩም ዋጋ ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ ነው። ነገር ግን የዚህ ጥበብ ሥር በእያንዳንዳችን ሰውነት ውስጥ አለ። ጥርስ በተነቀለ ጊዜ በጕድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም ያው መረብ፣ ያው መድኀኒት ነው። ባለ መሣሪያው ሐኪም ያንኑ አጥርቶ ያበረታዋል፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ ሳናውቅ ተፍተን እንጥለዋለን። አንዱ በአረቄ ይጕመጠመጣል፤ ሌላው በጣቱ ይነካካዋል፤ ሌላው የቅጠል ጭማቂ ይጠቀጥቅበታል። የረጋው ደም ሲወልቅ ዐጥንቱ ይራቆታል፤ ከጥቂት ቀን በኋላም እስከ ጆሮ የሚዘልቅ ጽኑ ሕመም ይነሣል።

ስለዚህ ጥርስ የተነቀለለት ሰው ሐኪሙ ያኖረለትን ንጹሕ ጨርቅ ለግማሽ ሰዓት ያህል ነክሶ ይቆይ። እስከ 24 ሰዓት ድረስ አይጕመጥመጥ፤ በኀይልም አይትፋ። ትኩስ ቡናና ትኩስ ወጥ፣ ጠላና አረቄ፣ ሲጋራም ይቅርበት፤ ለዚያ ቀን ቆሎውን ትቶ የቀዘቀዘ ለስላሳ ምግብ ይብላ። ከ24 ሰዓት በኋላ ለብ ባለ የጨው ውኃ በቀስታ ይጕመጥመጥ። የስኳር በሽታ ያለበት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኀኒት የሚወስድ ሰው ጥርሱ ሳይነቀል በፊት ለሐኪሙ ይንገር። ደሙ አልቆም ያለው፣ ትኵሳት የያዘው ወይም ፊቱ ያበጠ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሌላም ነገር አለ። የገዛ ደም ከሌላ ሰው በሽታ አያመጣም፤ ያልተቀቀለ ጕጠትና ያልነጻ ምላጭ ግን የአንዱን ደም ወደ ሌላው ያሻግራሉ። የጕበት በሽታና ኤች አይ ቪ በዚህ መንገድ ሊተላለፉ ይችላሉ። ይልቁንም የሕፃናትን ድድ ሰንጥቆ ገና ያልበቀለውን ጥርስ «ለተቅማጡና ለትኵሳቱ ምክንያት እርሱ ነው» እያሉ ማውጣት ፈጽሞ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። ሕፃኑ ደሙ ይፈስሳል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ለሞትም የሚያደርስበት ጊዜ አለ። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን የሚያስፈልገው ምላጭ ሳይሆን የእናቱ ጡት፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የተበጠበጠበት ንጹሕ ውኃና የጤና ባለሙያ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ጥርስን ሳያጡ መጠበቅ ነው። ጥርስ ሲነቀል ይዞት የነበረው የመንጋጋ ዐጥንትም እየሟሸሸ ይሄዳል። እንግዲህ አባትና እናት ማታ ማታ ልጆቻቸውን ጥርሳቸውን ሳያጸዱ እንዳይተኙ ያስለምዷቸው፤ ገና መቦርቦር የጀመረውንም ጥርስ ሳያድር ለሐኪም ያሳዩ። ጥርሱ የግድ ከተነቀለ ደግሞ፣ በጕድጓዱ የረጋችው ጥቂት ደም ቁስሉን ልትጠግን የተቀመጠች ናትና አትጣል።