ስለ ጭቃ ጡብና ስለ ተማሪ ጥበብ

ልጆች ሆይ፤ ጥበብ የምንለው ምንድን ነው? ብዙ ሰዎች ጥበብ ሲባል ዓይንን የሚያስደስት ሥዕል፥ ያማረ ሕንፃ ወይም በወርቅ የተጌጠ ዕቃ ብቻ ይመስላቸዋል። እርግጥ ነው፤ ያማረ ነገር ልብን ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ሰው የሥራውን ንድፍ ከማውጣቱ በፊት ራሱን ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ። እርሱም፥ «ይህ ሥራ የማንን ችግር ያቃልላል? ለስንት ዘመንስ ይቆያል?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ጥበብ እንደ ወረቀት አበባ ነው፤ ይታያል እንጂ ፍሬ አይሰጥም።

«ይህን መጠየቅ የሊቃውንት ፈንታ ነው፤ ተማሪ ግን ምን አቅም አለው? አስቀድሞ ትምህርቱን ይጨርስ» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ እንዲህ አይደለም እላለሁ። ሰው ተማሪ ሳለ ለወገኑ መልካም ሥራ መጀመር ይችላል፤ ይገባዋልም። ለዚህ ምስክር የሚሆን አንድ እውነተኛ ታሪክ እነግራችኋለሁ። በዚህ ታሪክ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በምዕራብ አፍሪካ ቡርኪና ፋሶ የምትባል አገር አለች። ባሕር አይነካትም፤ ፀሐይዋም እጅግ ብርቱ ናት። በሙቀቱ ወራት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ቀን ብዙ ነው። በዚያች አገር ጋንዶ በምትባል መንደር በ1965 ዓመት አንድ ልጅ ተወለደ፤ ስሙም ፍራንሲስ ኬሬ ተባለ። አባቱ የመንደሩ አለቃ ነበረ። በጋንዶ ግን ትምህርት ቤት አልነበረም። ስለዚህ ልጁ ሰባት ዓመት ሲሆነው ከቤተ ሰቡ ተለይቶ ቴንኮዶጎ ወደሚባል ከተማ ለትምህርት ተላከ።

በዚያ የተማረበት ክፍል በሲሚንቶ ብሎኬት የተሠራ ነበር። በቂ ብርሃን አይገባበትም፤ ነፋስም አያልፍበትም። በውስጡ ከ100 የሚበልጡ ልጆች ተጨናንቀው ለብዙ ሰዓት ይቀመጡ ነበር። ከእናንተም መካከል በቀትር ጊዜ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ተቀምጦ የተማረ ይህን ያውቀዋል። ላብ በፊት ላይ ሲወርድ ፊደሉ ከዓይን ይሸሻል፤ የመምህሩም ቃል ከጆሮ አይገባም። ትንሹ ፍራንሲስ በዚያ ሙቀት ውስጥ ሳለ፥ «እኔ አንድ ቀን ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት እሠራለሁ» ብሎ በልቡ ቈረጠ።

ለዕረፍት ወደ ጋንዶ መጥቶ ወደ ትምህርቱ ሲመለስ፥ የመንደሩን ሴቶች እየዞረ ይሰናበታቸው ነበር። እነርሱም እያንዳንዳቸው ከልብሳቸው ፈትተው የቀረቻቸውን ሳንቲም ይሰጡት ነበር። እንዲህ የሚያደርጉትም ልጁ ተምሮ ተመልሶ የመንደሩን ኑሮ እንዲያሻሽል ተስፋ አድርገው እንደ ሆነ እናቱ አስረዳችው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። ልጁም ትምህርቱ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ አደራ እንደ ሆነ ከዚህ ተረዳ።

በ1985 ዓመት የአናጢነት ሙያ ሊማር ወደ ጀርመን አገር ሄደ። ቀን ቀን የቤት ክዳንና የቤት ዕቃ መሥራት ይማር ነበር፤ ማታ ማታም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ይከታተል ነበር። በ1995 ዓመት በበርሊን ከተማ ባለው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሕንፃ ንድፍ መማር ጀመረ፤ የጨረሰውም በ2004 ዓመት ነው። ይህን ቍጥር ልብ በሉ። በጋንዶ የሠራው ትምህርት ቤት የተፈጸመው በ2001 ዓመት፥ እርሱ ገና ተማሪ ሳለ ነውና። ገንዘቡንም ለመሰብሰብ በ1998 ዓመት ማኅበር አቋቁሞ ነበር።

ትምህርት ቤት ሊሠራላቸው እንደ መጣ ሲነግራቸው የመንደሩ ሰዎች እጅግ ደስ አላቸው። በጭቃ እንደሚሠራው በሰሙ ጊዜ ግን ቅር ተሰኙ። «የጭቃ ቤታችን ክረምት በመጣ ቍጥር ይፈርሳል፤ ይህ ልጅ ፈረንጅ አገር ይህን ያህል ዘመን የተማረው ጭቃ ሊያመጣልን ነውን?» ብለው አጕረመረሙ። ጥርጣሬያቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ነገር ግን በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል እንደሚባለው፥ የአገራቸውን አፈር ዋጋ አላወቁትም።

ኬሬ አፈሩን እንዲሁ አልተጠቀመበትም። ጥቂት ሲሚንቶ ደባልቆበት በመጭመቂያ እየተጠቀጠቀ ጡብ እንዲሆን አደረገ። የአፈር ግድግዳ የፀሐይን ሙቀት ቶሎ ወደ ውስጥ አያሳልፍም። ኮርኒሱንም ከዚያው ጡብ ሠራው፤ አየር በመካከላቸው እንዲያልፍም ጡቦቹን ሳያጣብቅ ደረደራቸው። የቆርቆሮውን ክዳን ደግሞ ከኮርኒሱ ለይቶ፥ ከተበየደ ቀጭን ፌሮ በተሠራ ደጋፊ ላይ ከፍ አድርጎ አኖረው። በክፍሉ ውስጥ የሞቀው አየር ሽቅብ ይወጣና በጡቦቹ መካከል አልፎ ከክዳኑ ሥር ይበተናል፤ ቀዝቀዝ ያለውም አየር በመስኮት ይገባል። የክዳኑ ጠርዝ ከግድግዳው አልፎ ስለ ወጣ ዝናቡ ጡቡን አይመታውም። ክፍሉን ለማቀዝቀዝም የኤሌክትሪክ ኃይል አላስፈለገም።

ሥራውንም የመንደሩ ሰዎች ሁሉ ተካፈሉት። ልጆች ለመሠረቱ ድንጋይ ለቀሙ፤ ሴቶች ለጡቡ ውሃ አመጡ፤ ሌሎችም ጡብ መሥራትንና ብየዳን ተማሩ። በኋላ ትምህርት ቤቱ እየሰፋ ሄዶ የተማሪዎቹ ቍጥር ከ120 ተነሥቶ 700 ደረሰ። በጋንዶ ሥራ የለመዱት ሰዎችም በሌላ ስፍራ ለሕንፃ ሥራ ተፈለጉ። ኬሬ በ2004 ዓመት በዚህ ሥራ የአጋ ካን የሕንፃ ሽልማትን ተቀበለ። በ2022 ዓመትም በሕንፃ ንድፍ እጅግ የከበረውን የፕሪትዝከር ሽልማት አገኘ፤ ይህን ሽልማት በማግኘትም ከአፍሪካውያን የመጀመሪያው ሆነ።

አሁንም፥ «ጭቃ የድኻ ነው፤ ሥልጣኔ ግን ሲሚንቶና መስታወት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ አሳብ ስሕተት ነው። ሲሚንቶ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ ከ1,400 ዲግሪ በሚበልጥ ግለት ተቃጥሎ ነው። ሰዎች በዓለም ሁሉ ወደ አየር ከሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶው 8 እጅ ያህሉ ከሲሚንቶ ሥራ ይወጣል። ይህም አየር ምድርን ያሞቃል፤ የዝናብን ጊዜ ያዛባል፤ ጕዳቱም አስቀድሞ በገበሬው ላይ ይወድቃል። ነገር ግን አንሳሳት፤ ኬሬ ሲሚንቶንና ብረትን ፈጽሞ አልናቃቸውም። በሚያስፈልጉበት ስፍራ በልክ ተጠቀመባቸው። ብልህ ሰው የሌላውን ነገር ስለ ሌላ ሰው መሆኑ አይጠላውም፤ የራሱንም ነገር የራሱ ስለ ሆነ አይንቀውም። ሁሉን በጥቅሙ ይመዝናል።

እንግዲህ ንድፍ የሚማር ሰው ሦስት ነገር ሊያስብ ይገባዋል። መጀመሪያ፥ ሥራው ከሰው ችግር ይነሣ፤ ክፍሉ ለምን እንደሚሞቅ በውስጡ ተቀምጦ ያላበው ልጅ ያውቃልና። ሁለተኛ፥ በአገሩ የሚገኘውን ነገር መርምሮ ያሻሽለው። ሦስተኛ፥ የሚገለገሉበት ሰዎች በገዛ እጃቸው እንዲሠሩት ያስተምራቸው። ሠሪው በሄደ ጊዜ የሚጠግነው የሌለ ቤት፥ ምንም ቢያምር፥ ዕድሜው አጭር ነው።

እናንተም ልጆች ሆይ፥ ታላቅ እስክትሆኑ አትጠብቁ። ጭስ የእናታችሁን ዓይን የሚያስለቅሰው በምን ምክንያት እንደ ሆነ መርምሩ። በትምህርት ቤታችሁ ግቢ ጐርፍ አፈሩን የሚወስደው በየት በኩል እንደ ሆነ ተመልከቱ። ያያችሁትን በወረቀት ላይ ንደፉ፤ ከባልንጀሮቻችሁ ጋር ተመካከሩ፤ የምትችሉትንም ትንሽ ነገር ዛሬ ሞክሩ። መማር አደራ መቀበል ነው። አደራውን ለመመለስ ደግሞ የትምህርት ፍጻሜ እስኪደርስ መቆየት አያስፈልግም።